ለተጎታች ካፌ መብራት፦ ማከፋፈያ ወይስ የራስ መስመር?

ወንድሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተጎታች ካፌ አቁሟል። መብራት የሚያገኘው ከጎረቤት ሱቅ ነው። ክርክራችን እንዴት ይሳብ የሚለው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞከረ፤ ባለ 1.5 ካሬ (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር) ገመድ ማከፋፈያ፣ ጫፉ ላይ አዳፕተር። ርካሽ ነው፣ ማታ ጠቅልሎት ይገባል። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጀር ምንም አይልም። ግን ባለ 2000 ዋት የውሃ ማፍያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ፍሪጁና መጥበሻው ሲጨመሩበት ባለ 16 አምፔሩ ሶኬት አፋፍ ላይ ደረሰ። በዚያ ላይ የድሬ ፀሐይ አለ! አንድ ቀን ስፒናውን ነካሁት፤ አቦ፣ እጄን ሊልጠው ነበር። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል። የተረፈውን ገመድ ጠቅልሎ ወንበር ሥር መወሸቁም አባሰው፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም።

ሁለተኛው ከሱቁ ብሬከር ሳጥን በቀጥታ የሚወጣ መስመር ነው፦ 6 ካሬ ገመድ፣ ባለ 32 አምፔር ሰማያዊ ሶኬት፣ የራሱ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ)፣ ግራውንድ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ)። ኤሌክትሪሻን ይፈልጋል፤ ኪስም ይነካል። ቦታ ሲቀየርም አብሮ አይሄድም። እኔ ግን ምግብ የሚበስልበት ተጎታች ከሆነ ሳላቅማማ ይሄን እመርጣለሁ። የሱቁ ቆጣሪና ዋና መስመር ጭነቱን መቻሉ ግን አስቀድሞ ይታይ።

ከአሜሪካ የመጣ ተጎታች ከሆነስ? እሱ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ፍሪጁን ተሰናበቱት።