ለብርድ ወራትና ለበዓል ፎቶ ምን ይግዙ? ብሩህ ሌንስ፣ ፍላሽ ወይስ አዲስ ካሜራ

የበዓል ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ በአምፖልና በሻማ ብርሃን ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ ቀኑም ቶሎ ይመሻል። ፎቶው ሲታይ የሚሮጠው ልጅ ደብዝዟል፣ ጨለም ያለውን ጥግ ኖይዝ (ፎቶውን የሚያሻክሩ ነጠብጣቦች) ሞልቶታል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ካሜራው ላይ ጥሎ ሌላ ካሜራ ሊገዛ ይነሳል። ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ሒሳቡን ይዩት።

ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሜ ኪት ሌንስ፣ ዙም ተደርጎ 55 ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ዙም የሌለው የኤፍ 1.8 ሌንስ ከዚያ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በ1/125 ሰከንድ የሸተር ፍጥነት (ሴንሰሩ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) አይኤስኦ 6400 ይጠይቅ የነበረው ሳሎን ወደ 640 ይወርዳል ማለት ነው፤ አይኤስኦ ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን ሲሆን ከፍ ሲል ኖይዙም ይጨምራል። ከኤፒኤስ-ሲ (አነስተኛ ሴንሰር ካለው) ወደ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ወዳለው) ካሜራ ቢሸጋገሩ ግን የሴንሰሩ ስፋት የሚያድገው 2 እጥፍ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። አቅምዎ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ሌንሱ ይቅደም።

35 ወይስ 50?

ገዢ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ የ50 ሚሜ ሌንስ እይታ ጠባብ ነው። ስድስት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ 3 ሜትር ያህል ቢይዝ፣ ሁሉንም ለማስገባት በ50ው 6 ሜትር ተኩል መራቅ አለብዎት፤ በ35ቱ 4 ሜትር ተኩል ይበቃል። ያን ያህል የሚያስርቅ ሳሎን ብዙ የለም፤ ቡድኑ ሳይገባ ጀርባዎ ግድግዳ ይነካል። ለቤት ውስጥ 35 ይሻላል። 50ው የሚያሸንፈው የአንድ ሰው ፊት ሲያነሱ ነው፤ ከኋላ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ሰፍተው ለስላሳ ክብ ይሆናሉ።

በ50ው፣ በኤፍ 1.8፣ ከ2 ሜትር ርቀት ሲያነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሶፋ ላይ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ደገፍ ብሎ ሌላው ወደፊት ካዘነበለ አንዳቸው ይደበዝዛሉ። ለሁለት ሰው ወደ ኤፍ 2.8 ወይም 4 ይዝጉት። ሸተሩን ለሚያወራ ሰው 1/125፣ ለሚሮጥ ልጅ 1/250 ያድርጉት። የሌንስ ማረጋጊያ የሚያስቀረው የእጅዎን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ የልጁን ሩጫ አያቆምም።

ከመክፈልዎ በፊት ሌንሱ ከካሜራዎ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። እንደ ዲ3500 እና ዲ5600 ያሉ የኒኮን ካሜራዎች የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው የድሮው 50 ሚሜ 1.8ዲ ይገጥምላቸዋል እንጂ ራሱ ፎከስ አያደርግላቸውም፤ ሞተሩ ራሱ ሌንሱ ውስጥ ያለውን፣ ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ይምረጡ። በካኖን በኩል ኢኤፍ የድሮው፣ አርኤፍ የአዲሱ ሌንስ መግጠሚያ ስም ነው፤ የኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር አርኤፍ ካሜራ ላይ ይሠራል፤ የአርኤፍ ሌንስ ግን ኢኤፍ ካሜራ ላይ አይገጥምም።

ፍላሽ የሚበልጠው መቼ ነው?

በሁለት ረድፍ ለሚቆም ቤተሰብ ብሩህ ሌንስ አይበቃም፤ የኋለኛው ረድፍ ይደበዝዛል። እዚህ ፍላሽ ይበልጣል፣ ያውም ጭንቅላቱ ወደ ላይ የሚታጠፍና ወደ ጎን የሚዞር። ካሜራው ላይ የተሠራው ትንሹ ፍላሽ ለሌንሱ ቅርብ ስለሆነ ፊትን ያነጣል፣ ዓይንን ያቀላል፣ ግድግዳው ላይም ጥቁር ጥላ ይጥላል። የሚታጠፈውን ወደ ነጭ ኮርኒስ ያዙሩና ካሜራውን ማኑዋል ላይ 1/125፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 800 አድርገው የብርሃኑን መጠን ለቲቲኤል (ካሜራው በሌንሱ በኩል ለክቶ የፍላሹን ብርሃን ራሱ የሚመጥንበት አሠራር) ይተዉት። ብርሃኑ ኮርኒሱን ነክቶ እስኪመለስ ብዙ ስለሚባክን በሜትር የተሰጠው ጋይድ ነምበር (የፍላሹን ኃይል የሚናገር ቁጥር) ከ36 ያላነሰ ይሁን። ኮርኒሱ ቀለም ካለው ፊቶች ሁሉ ያንኑ ቀለም ይይዛሉ፤ በጣም ከፍ ያለ ወይም ጥቁር እንጨት ከሆነ ብርሃኑ አይመለስም።

ሌላው ችግር የቀለም ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ብርቱካን ያደላል። የፍላሽ ብርሃን 5500 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ሞቃት አምፖል ደግሞ ከ2700 እስከ 3000። ፊቱ ደህና ሲወጣ ከኋላ ያለው ክፍል ብርቱካን ይሆናል። መፍትሔው ፍላሹ ላይ ብርቱካንማ ጄል (ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ) ማድረግና ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ቀለምን ከብርሃኑ ጋር የሚያስተካክልበትን ምርጫ) ወደ አምፖል መቀየር ነው። ለሻማ ግን ፍላሹን ያጥፉት፤ የሻማውን ድምቀት ይገድለዋል። እዚያ ቦታው የኤፍ 1.8 ሌንስ ነው።

ትራይፖድ የሚጠቅመው ለማይንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው፦ ለመብራት ጌጥ፣ ላሸበረቀ መንገድ። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11፣ የ2 ሰከንድ ታይመር፤ ሸተሩ 1 ወይም 2 ሰከንድ ቢቆይም ፎቶው ጥርት ይላል። የስልክ የማታ ሞድም ብዙ ፍሬም ስለሚደርብ ለዚሁ ይሆናል፤ ሰው ከተንቀሳቀሰ ግን ያበላሻል።

ለውጭ ብርድ

ውጭ ብዙ የሚቆዩ ከሆነ ከሁሉም በፊት ሁለተኛ ባትሪ ይግዙ። ሊቲየም ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሲሞቅ ይመለሳል፤ ትርፉን በውስጥ ኪስ ይያዙት። በረዶ ግራጫ ሆኖ ቢወጣብዎት ካሜራዎ አልተበላሸም፤ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ነጩን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያወርደው ነው። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን ማድመቂያና ማጨለሚያውን) ከ+1 እስከ +2 ያድርጉት።

ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ሌንሱ ላይና ውስጥ ጤዛ ይይዛል። ደጅ ሳሉ ካሜራውን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ይዝጉት፤ ገብተው አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አይክፈቱት። ፎቶዎቹን ቶሎ ማየት ከፈለጉ ሚሞሪ ካርዱን ከመዝጋትዎ በፊት ያውጡት።