ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ470 በደሴ፦ ከአንድ ዓመት በላይ አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

የማስተማሪያ ጽሑፍ፣ ፈተናና የውጤት ሰንጠረዥ የማዘጋጅበትን ይህን ላፕቶፕ ያገለገለ ሆኖ ደሴ ውስጥ ከገዛሁት ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሞዴሉ በ2017 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ በመሆኑ ፍጥነቱን ከአዳዲሶቹ ጋር አላወዳድርም፤ የምመዝነው ዕድሜው ምን ያህል ሊራዘም እንደሚችል ነው።

አምራቾች ራሳቸው በሚያወጧቸው ሪፖርቶች መሠረት፣ አንድ ላፕቶፕ ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚመነጨው ገና ገዢው እጅ ሳይገባ፣ ማዕድኑ ሲወጣና ቺፑ ሲመረት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የዚያን ጊዜ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ ለማምረት ቢያንስ 240 ኪሎ ግራም የቅሪተ አካል ነዳጅ፣ 22 ኪሎ ግራም ኬሚካልና 1,500 ኪሎ ግራም ውሃ እንደሚፈጅ ተሰልቷል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአመዛኙ ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ፣ እኛ ሶኬት ላይ ሰክተን ስንጠቀም የምንጨምረው ልቀት እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ኃይል ይቆጥባል ተብሎ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ተጨማሪ ዓመታት ማሠራት በእጅጉ ይበልጣል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ቲ470 ለዚህ የተመቸ ነው። የውስጥ ባትሪውን በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ በሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) በኩል ካሰናከሉ በኋላ የታችኛውን ክዳን ብሎኖች በተራ ካቻቪት ፈትቶ ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን)፣ የፋይል ማከማቻውንና ማቀዝቀዣ ፋኑን ማግኘት ይቻላል። ራሙ ቦርዱ ላይ ያልተበየደ በመሆኑ ጨመርኩበት፤ ሃርድ ዲስኩንም ኤስኤስዲ በተባለ ፈጣን ማከማቻ ተካሁት። ከእነዚህ በኋላ ማሽኑ ለጽሑፍ ሥራና ለኢንተርኔት ምንም አልጎደለውም። ኮምቦልቻ ይዤው ስወርድ ግን ሙቀቱ ከደሴ ስለሚበልጥ ፋኑ ያለ ዕረፍት መጮህ ጀመረ። ክዳኑን ስከፍት አቧራው በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ጥጥ ተጋግሮ አገኘሁት። በብሩሽ ጠርጌ ቴርማል ፔስቱን (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) ካሳደስኩ ወዲህ ድምፁ ረግቧል።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ ፕሮሰሰሩ ሰባተኛ ትውልድ ስለሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 በይፋ መሸጋገር አልቻለም። የሚሠራ ማሽን በዚህ ምክንያት ብቻ መጣል የለበትም በሚል ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና ጫንኩበት። የአማርኛ መጻፊያው ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ማሻሻያውም ሳይቋረጥ ይመጣል። ከሌሎች የሚላኩልኝ የዎርድ ፋይሎች ሊብሬኦፊስ በተባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ሲከፈቱ ሰንጠረዣቸው አንዳንዴ ይዛነፋል። በፒችትሪ ለሚሠራ የሂሳብ ባለሙያ ደግሞ ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ይህን መንገድ አልመክርም።

በጣም የወደድኩት ሁለት ባትሪ ያለው መሆኑን ነው። መብራት ሲጠፋ የውጪውን ባትሪ ላፕቶፑን ሳላጠፋ በሌላ እቀይራለሁ፤ የውስጡ ሥራውን ያስቀጥላል። ዕድሜያቸው እንዲረዝም ቲኤልፒ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጌያለሁ፤ ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ መቶ ላይ ከሞላና ከሞቀ ቶሎ ይደክማልና።

ያላረካኝም ከባትሪው ጋር የተያያዘ ነው። ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል» ተብሎ የገዛሁት መለዋወጫ ባትሪ በጥቂት ወራት ውስጥ አብጦ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ያበጠ ባትሪ ሊቀጣጠል ስለሚችል ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ከተማችን ውስጥ ግን ተቀብሎ በአግባቡ የሚያስወግድልኝ ሳጣ በአሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ከቤት ውጭ አስቀምጬዋለሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ደሴንም ኮምቦልቻንም አቋርጦ በሚፈሰው ቦርከና ዳርቻ የሚጣለውን ላየ ሰው ቁጥሩ ሩቅ አይሆንበትም። መለዋወጫ ባትሪ የሚሸጡ ሱቆች አሮጌውን መልሰው ቢረከቡና አከማችተው ወደ አዲስ አበባ ቢልኩ ትልቅ አገልግሎት ይሆን ነበር።

ይህን ሞዴል ለመግዛት ያሰበ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ባዮሱ በይለፍ ቃል አለመቆለፉን ያረጋግጥ፤ ከድርጅቶች የወጡ ማሽኖች አንዳንዴ ተቆልፈው ይሸጣሉ። ሁለቱንም ባትሪዎች ነጣጥሎ ይፈትሽ፤ ክዳኑንም ሻጩ ፊት ያስከፍት።