ባለ ዘንግ ያግ ወይስ ቫናዴት? ፖላራይዜሽኑንና የጨረር ጥራቱን በሙሉ ኃይል የሚጠብቅ ሌዘር ለመምረጥ

ከፍተኛ ኃይል ያለው የክሪስታል ሌዘር ለመግዛት ያሰቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ዋጋው ረከስ የሚለው ባለ አንድ ዘንግ የኒዮዲሚየም ያግ ሌዘር ይበቃናል ወይስ ጨምረን በሌላ ክሪስታል የሚሠራውን ኒዮዲሚየም ቫናዴት እንግዛ? የሚፈለገው ኃይል በአሥር ዋቶች የሚቆጠር ከሆነ፣ በተለይም ጨረሩ ወደ አረንጓዴ የሚቀየር ከሆነ፣ መልሴ ቫናዴት ነው።

ያግ በ808 ናኖሜትር ዳዮድ (ክሪስታሉን በብርሃን በሚመግብ ትንሽ ሌዘር) ተመግቦ በ1064 ናኖሜትር ሲያበራ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶን ጉልበት ቢያንስ 24 በመቶው ሙቀት ሆኖ ክሪስታሉ ውስጥ ይቀራል። የዘንጉ ዙሪያ በውኃ ሲቀዘቅዝ መሃሉ ስለሚግል፣ ዘንጉ እንደ ሌንስ መሥራት ይጀምራል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሌላ ሌንስ ይታረም ነበር። ዋናው ጣጣ የሙቀቱ ልዩነት የሚፈጥረው ውጥረት ነው፤ ያግ በተፈጥሮው በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ውጥረቱ እንደ ፈለገ ድርብ ስብረት (ብርሃን እንደሚወዛወዝበት አቅጣጫ ፍጥነቱ የሚለያይበትን ባሕርይ) ይፈጥርበታል። ጨረሩን በተሻገሩ ሁለት ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) መካከል አሳልፎ በካሜራ ያየ ሰው፣ ኃይሉ ሲጨምር በጥቁር መስቀል የተከፈሉ አራት ብሩህ ቅጠሎች ቀስ በቀስ ሲወጡ ያያል። እነዚያ ቅጠሎች ከተፈለገው ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ከተፈለገው የመወዛወዣ አቅጣጫ፣ አፈንግጦ የወጣ፣ ገዢው የከፈለበት ብርሃን ናቸው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ በአጠቃላይ ዋት የተጻፈን ዋጋ ማመን አይገባም። በእኩል በተመገበና በጣም በጋለ ዘንግ፣ ዘንጉን የሞላ ጨረር አንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚያፈነግጠው ብርሃን ወደ 25 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከ100 ዋት ውስጥ የሚጠቅመው 75 ዋት ብቻ ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ጠቃሚ ዋት ዋጋ በአንድ ሦስተኛ ጨመረ ማለት ነው። ወደ አረንጓዴ ሲቀየር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ የቅየራው ድርሻ አነስተኛ በሆነበት ሁኔታ የሚገኘው አረንጓዴ ኃይል የገባውን ኃይል ካሬ ስለሚከተል፣ 75 በመቶ የቀረው ጨረር የሚሰጠው አረንጓዴ 56 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የጨረር ጥራት መለኪያው፣ ማለትም ኤም-ስኩዌር፣ ፍጹም ጨረር ከሚያሳየው 1 ወደ 2 ካደገ ደግሞ በዚያው ሌንስ የሚገኘው የትኩረት ነጥብ የቆዳ ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል።

ለያግ የታወቀው መፍትሔ ሁለት ተመሳሳይ ዘንጎችን ወስዶ በመካከላቸው ፖላራይዜሽኑን 90 ዲግሪ የሚያዞር ኳርትዝ ማስገባት ነው፤ የመጀመሪያው ዘንግ ያበላሸውን ሁለተኛው ያስተካክላል። ሆኖም ሁለት የዳዮድ ስብስብ፣ ሁለት የማቀዝቀዣ መስመርና የአንዱን ዘንግ ምስል በሌላው ላይ የሚያሳርፉ ሌንሶች ስለሚጠይቅ የያግ ርካሽነት እዚህ ላይ ያበቃል። ለጥገና ባየሁት አንድ የኮፒ ዕቃ ውስጥ ኳርትዙ በቦታው ነበረ፤ ነገር ግን በአንደኛው በኩል ብቻ ዳዮዶቹ በሌላ ዓይነት በመተካታቸው ሁለቱ ዘንጎች እኩል መጋል አቁመው ነበር፤ አራቱ ቅጠሎችም ተመልሰው መጥተዋል። ስለዚህ ባለ ሁለት ዘንግ የገዛ ሰው ወደፊት ዳዮዱን በጥንድ እንደሚቀይር ከወዲሁ ሒሳብ ውስጥ ያስገባ። ባለ አንድ ዘንግ ሌዘር አስቀድሞ በእጁ ያለ ሰው ግን ሌላ ከመግዛቱ በፊት፣ በዘንጉና በኋላ መስታወቱ መካከል አንድ የሩብ ሞገድ ፕሌት (ፖላራይዜሽንን የሚለውጥ ስስ ክሪስታል) ከፖላራይዜሽኑ ጋር አስተካክሎ ይሞክር፤ ጉድለቱን ፈጽሞ ባያጠፋውም ከዋጋው አንጻር የሚቀንሰው ብዙ ነው።

ቫናዴት ይህን ሁሉ ወጪ የሚያስቀረው ድርብ ስብረቱ ተፈጥሯዊ በመሆኑ ነው። በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ያለው የስብረት ልዩነት 0.2 ገደማ ስለሆነ፣ ውጥረት የሚጨምረው ጥቂት ነገር ከቁጥር አይገባም፤ የሚያወጣው ብርሃንም ከመነሻው አንዱን አቅጣጫ ይመርጣል። የሙቀት ሌንሱ ግን አብሮት አለ፤ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙም ከያግ ስለሚያንስ ዳዮዱን ከልክ በላይ የሚያስኬድ ሰው ክሪስታሉን ይሰነጥቃል። በዚህ ምክንያት ጫፉ ላይ ኒዮዲሚየም የሌለው ቁራጭ የተጣበቀለትንና በ880 ናኖሜትር የሚመገበውን እመርጣለሁ፤ በዚህ የሞገድ ርዝመት በሙቀት የሚጠፋው የፎቶን ጉልበት ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። በርካሽ ኮፒዎች ላይ ዘወትር የማገኘው ጉድለት ክሪስታሉ የተጠቀለለበት የኢንዲየም ቅጠል ክፍተት ያለበት መሆኑ ነው፤ አንዱ ጎን ከሌላው በላይ ይግልና ጨረሩ ሞላላ ይሆናል።

ከመክፈል በፊት አንድ ማታለያ መታወቅ አለበት። በመውጫው ላይ ጥሩ ፖላራይዘር የገጠመ ሻጭ በወረቀቱ ላይ የሚያምር የፖላራይዜሽን ንጽጽር (የተፈለገው ብርሃን ካፈነገጠው ጋር ያለውን ምጣኔ) መጻፍ ይችላል፤ ፖላራይዘሩ ግን ያፈነገጠውን ብርሃን ከጨረሩ ቆርጦ ስለሚጥል የቀረው ጨረር ቅርጹ የተበላሸ ነው። ስለሆነም የፖላራይዜሽን ንጽጽሩና ኤም-ስኩዌሩ በአንድ ላይ፣ በሙሉ ኃይል፣ ሌዘሩ ከጋለና ከተረጋጋ በኋላ እንዲለኩ ይጠይቁ። በዝቅተኛ ኃይል የተለካ ቁጥር ስለ ሙቀት የሚናገረው ነገር የለም።

ቫናዴትን የማልመክርበት ሁኔታም አለ። ጉልበትን ይዞ የሚቆየው ለ100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ሲሆን ያግ 230 ገደማ ይቆያል፤ ስለዚህ ዘግየት ብለው የሚመጡ ትልልቅ የብርሃን ምቶችን ለሚፈልግ ሰው በትክክል የተጣመረ ባለ ሁለት ዘንግ ያግ ዋጋውን ያወጣል። በብዙ መቶ ዋቶች ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ወደ ቀጭን ዲስክ (ክሪስታሉ እንደ ስስ ሳህን ወደተቆረጠበት ሌዘር) መሄድ ይሻለዋል፤ በኢተርቢየም ያግ የተሠራው ዲስክ በ940 ተመግቦ በ1030 ናኖሜትር ሲያበራ ከእያንዳንዱ ፎቶን ለሙቀት የሚሄደው ከ9 በመቶ በታች ነው፤ ሙቀቱም በጨረሩ አቅጣጫ ወደ ኋላው ማቀዝቀዣ ስለሚፈስ የሙቀት ሌንሱ በጣም ደካማ ነው። ብርሃኑን ደጋግሞ በዲስኩ ላይ የሚያመላልሰው የመመገቢያ ክፍል ግን በቀላሉ በግል የሚጠገን ስላልሆነ፣ የጥገና ውሉ ዋጋ ከሌዘሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይደመር።