ችግሬን አንዴ ብቻ የተናገርኩበት አገልግሎት

ዛሬ ስለ ዕቃ ወይም ስለ ሱቅ አይደለም የምጽፈው። ዓመት ሙሉ ስጠቀምበት ስለቆየሁት አገልግሎት ነው። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦች ኑሯቸው እንዲረጋ አንድ የሰፈር ማኅበር፣ አንድ የብድር ተቋም፣ አንድ የሙያ ማሰልጠኛና አንድ ጤና ጣቢያ ተባብረው በነጻ የሚሰጡት ነው። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ ስማቸውን አልጠራም። እንዲህ ያለ ጥምረት ግን በየቦታው አለ፤ እናንተ አጠገብ ያለውን ለመመዘን ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ የቀን ሠራተኛ ነው፣ እኔ ሥራ ሲገኝ ልብስ እሰፋለሁ። የገንዘቡ ማነስ ብቻ አልነበረም የሚያስጨንቀን፤ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁም ጭምር ነው። አንድ ሳምንት ደህና ይገባል፣ ሁለት ሳምንት ድርቅ ይላል፣ የቤት ኪራይ ግን ቀኑን አይስትም። አንዱ ልጅ ካተኮሰው የወሩ ሂሳብ በሙሉ ይናጋል።

ከዚህ በፊት ብዙ ደጅ ጠንቻለሁ። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ ቅጽ አለው። ስንት ናችሁ፣ ምን ታገኛላችሁ፣ ዕዳ አለባችሁ ወይ፣ ለምን ተበደራችሁ። ይኼንን ለአምስት የማያውቁት ሰው ማውራት ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል። አንዱ ቢሮ ውስጥ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስናገር "አልሰማሁሽም፣ ጮክ በዪ" ተባልኩ። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ የማንንም በር አላንኳኳሁም።

እዚህኛው ግን ገና ስገባ አማካሪዋ በሩን ዘጋች። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን፣ እሷ ብዙውን ጊዜ ዝም ብላ ትጽፍ ነበር። በመጨረሻ አንድ ወረቀት አቀረበችልኝ። መረጃዬን ለሌሎቹ ሦስት ተቋማት እንድታካፍል የምፈቅድበት ነው፤ "እንዲያውቁት የማትፈልጊው ካለ ራስሽ ሰርዢው" ብላ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ስለ ባለቤቴ ሕመም የተጻፈውን መስመር ሰረዝኩና ፈረምኩ። ሳምንት ሳይሞላ ከማሰልጠኛው ተደወለ። የደወለችው ልጅ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ ምን ዓይነት ስፌት እንደምችል፣ ጠዋት ጠዋት እንደማይመቸኝ ታውቃለች። እንደገና ከሀ አልጀመርኩም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ለእኔ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፣ ከገንዘቡም ይበልጥብኛል። ስለዚህ "ተባብረን እንሠራለን" የሚል ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ይኼን ጠይቁ፦ ችግሬን ስንት ቦታ ነው የምናገረው? "በየቢሮው" ካሏችሁ ተባብረዋል ለማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ሌላው የአገልግሎቱ ክፍል፣ ወደ ቁጠባ ሳጥኑ። የቁጠባ ቡድናችን ሃያ ሁለት ሰው ነው፣ በሳምንት አንዴ እንገናኛለን። አንድ የብረት ሳጥን አለን፣ ሦስት ጓጉንቸር ያለው። ሦስቱ ቁልፎች ሦስት ሴቶች ጋር ይቀመጣሉ፣ ሳጥኑ ደግሞ አራተኛ ሰው ቤት ያድራል። ሦስቱም ካልመጡ አይከፈትም። ብሩ በሁላችንም ፊት ይቆጠራል፣ ድምሩ ጮክ ተብሎ ይነገራል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሲከፈት ያንኑ ቁጥር ማስታወስ የሁላችንም ሥራ ነው። አንድ ሰው በአንድ ስብሰባ ከአንድ እስከ አምስት ድርሻ፣ ማለትም መጠኑ የተወሰነ ቁጠባ፣ መግዛት ይችላል። ለእያንዳንዱ ድርሻ ደብተሩ ላይ ማህተም ይመታል፣ ያልተገዛው ባዶ ቦታ ወዲያው በእስክሪብቶ ይሰረዛል፣ በኋላ ማንም እንዳይጨምርበት። ከጎኔ የምትቀመጠው እናት ማንበብ አትችልም። ግን በየሳምንቱ ማህተሞቿን በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች፣ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ባንክ የሚሰጠው ደረሰኝ ለእሷ ይኼን ያህል ግልጽ አይሆንላትም።

አሠራሩን ይህ ጥምረት አልፈጠረውም። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ፣ ማራዲ አካባቢ፣ ኬር የተባለው ድርጅት ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመረው ነው፤ ከዚያ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። ከውጭ የሚገባ ገንዘብ የለውም፣ የሚበደሩትም የሚያበድሩትም አባላቱ ራሳቸው ናቸው። ካጠራቀሙት እስከ ሦስት እጥፍ መበደር ይቻላል፣ ወለዱም ተመልሶ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም እንደ ድርሻው ይካፈላል።

ባለቤቴ መጀመሪያ "ሳጥን እኮ ቤታችንም አለ" ብሎኝ ነበር። እኔም ልቤ አልተቀበለውም። ግን ተራ ነገር አይደለም። ኬንያ ውስጥ ለሰዎች ቁልፍ ያለው ቀላል የብረት ሳጥን ብቻ ሰጥተው ያዩበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል፤ ለጤና የሚያውሉት ገንዘብ በግልጽ ጨምሮ ነው የተገኘው። ለምን እንደሆነ ከራሴ አውቀዋለሁ። ኪሴ ውስጥ ያለ ብር የሁሉም ነው፤ የዘመድ፣ የጎረቤት፣ የልጅ ልመና፣ የራሴም ድካም። ሳጥን ውስጥ ያለውን ግን "የቡድኑ ነው፣ ቁልፉም እኔ ጋ የለም" ብዬ ማንንም ሳላስቀይም መመለስ ቻልኩ።

ብድርን በተመለከተ ግን ጠንከር ያለ ነገር ልበል። ከጥምረቱ ውስጥ የብድር ተቋሙ ነው ፈጣኑ። ገና በሁለተኛው ወር ሠራተኛቸው መጥቶ "ለስፌት መኪና በደንብ ይሰጥሻል፣ ዛሬውኑ ፈርሚ" አለኝ። ያዳነችኝ አማካሪዋ ናት። "ቆይ፣ መጀመሪያ ያለብሽን እንጻፈው" ብላ ወረቀት አወጣች። ሰባት ዕዳ ወጣ። እኔ አራት ነበር የሚመስለኝ። በወለዳቸው ልክ ከላይ ወደ ታች ደረደርናቸው፣ ከላይ የተቀመጠው የአራጣው ነበር፣ መጠኑ ግን ከሰባቱ ሁሉ ትንሹ። ለዚህ ነው ሳልፈራው የቆየሁት። ከቡድኑ ሳጥን ተበድሬ እሱን ዘጋሁ፣ የስፌት መኪናው ለአምስት ወር ቆየ፣ ሲመጣም ያገለገለ ነው የገዛሁት።

ብድር ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ብድር ብቻውን ከድህነት ያወጣል የሚለው ወሬ ተጋኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያን፣ ሕንድን፣ ሞሮኮን፣ ሜክሲኮን፣ ሞንጎሊያንና ቦስኒያን ያካተቱ ስድስት ጥናቶች አብረው ወጥተው ነበር። አነስተኛ ብድር ለአንዳንዱ መጠነኛ ጥቅም ሰጥቷል፣ የቤተሰብን ሕይወት ግን አልቀየረም ነው የሚሉት። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 እዚያው አገሩ የጀመረውን መንገድ በስድስት አገሮች ፈትሿል። እሱ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚሰጠው፤ ሥራ መጀመሪያ የሚሆን ንብረት፣ ለጊዜው የምትኖርበት ድጎማ፣ ስልጠና፣ ቁጠባ፣ እየመጣ የሚጎበኝህ ሰው፣ ለሁለት ዓመት ያህል። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ ከሌላው የተሻለ ይኖሩ ነበር። ይህንን ሳነብ የእኛ ነገር ገባኝ። እኔን የጠቀመኝ አንዱ ለብቻው አይደለም፤ ሳጥኑ፣ ወረቀቱ ላይ የተደረደረው ዕዳ፣ የስፌት ስልጠናው፣ በሩን የዘጋችው ሴት፣ በተከታታይ መምጣታቸው ነው።

ወቀሳዬ። የገንዘብ አያያዝ ትምህርቱ ደካማ ነው። ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ በሥራ ሰዓት፣ ልጅ የሚይዝ ሰው ሳይኖር። አስተማሪው "ከደሞዛችሁ ላይ በየወሩ አስቀምጡ" ይላል፣ ክፍሉ ውስጥ ግን ደሞዝ ያለው ሰው አልነበረም። የቀን ሠራተኛ ሂሳቡን በወር አይደለም የሚያስበው፣ ዝናብ ከሌለና ሥራ ከተገኘ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ይታቀዳል የሚለውን አንድም ቀን አልነኩትም፣ ይህ ደግሞ የሁላችንም ዋና ጥያቄ ነበር።

ሂሳብ ለመክፈት የላኩን ቦታ ደግሞ ሦስቴ መለሰኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስለ ስምምነቱ ሰምታ አታውቅም። አለቆቹ ቢፈራረሙም ወረቀቱ እስከ መስኮቱ ካልደረሰ ለእኛ ምንም አይደለም። በሦስተኛው ቀን የትራንስፖርት ከፍዬ፣ የቀን ሥራ ትቼ ነበር የሄድኩት። ይህንን ለማኅበሩ በጽሑፍ አስገብቼ በወሩ መስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ እሱን አመሰግናለሁ።

ሌላው፣ አማካሪዋ በስምንተኛው ወር ለቀቀች። ፋይሌ ስለነበር አዲሱ ሰው እንደገና አልጠየቀኝም፣ ግን ተተኪ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ባዶ ቀረን። አንዲት አማካሪ ላይ ይኼን ሁሉ ቤተሰብ ሲከምሩ ደክሟት እንደምትሄድ ማሰብ ነበረባቸው። ከገንዘባቸው ላይ አንድ ነገር መጨመር ካለባቸው የማማከሩ ሥራ ላይ ይጨምሩ፣ ቲሸርትና ባነር ላይ አይደለም።

ላማክራችሁ? በሳምንት አንዴ መገኘት የምትችሉ ከሆነ ግቡ። ዛሬ የሚበላ የሌለው ሰው ግን ከቁጠባ ቡድኑ በፊት ድጎማ ይጠይቅ፣ ሳጥኑ ውስጥ ለማኅበራዊ ችግር የሚቀመጠው ገንዘብ ትንሽ ናት፣ ለቀብርና ለድንገተኛ ሕመም ነው የምትበቃው።

በክፍፍሉ ቀን የሁለት ወር ኪራይ የሚሆን ብር ይዤ ወጣሁ። ከሰባቱ ዕዳ ሁለት ቀርቷል። አዲሱ ዙር ባለፈው ሳምንት ተጀመረ፣ ከሦስቱ ቁልፎች አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ከቤቱ ቁልፍ ጋር አስሬዋለሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ "ቁልፉን ይዘሻል?" ይለኛል።