አልባትሮስን ከሎንግላይን ለማዳን፦ ወቅት መዝጋት ወይስ አጣጣሉን መቀየር?

ሎንግላይን ማለት ብዙ ኪሎሜትር የሚረዝም የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ሆኖ በሺ የሚቆጠር መንጠቆ ያለው ነው፣ መንጠቆው ገና ሳይሰምጥ አልባትሮስ የምትባለው ትልቅ የባህር ወፍ ለማባበያ የተሰካውን ስኩዊድ (ለስላሳ የባህር እንስሳ) ልትነጥቅ ትወርድና ትያዛለች፣ ገመዱ ጎትቷት ይወርዳል፣ በቃ ሰጥማ ትሞታለች።

ወቅት መዝጋት፣ ማለትም በአንዳንድ ወራት ማጥመድን መከልከል፣ በደቡብ አትላንቲክ ባለችው ሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ላይ ሰርቷል። በ1990ዎቹ እዛ በዓመት ሺዎች ይሞቱ ነበር፣ ከዛ ቱዝፊሽ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ አብዛኞቹ ወፎች ጫጩት በማያሳድጉበት በብርዱ ወራት ብቻ ይሁን ተባለ፣ ገመዱን ማታ መጣልና ክብደት ማሰርም ተጨመረበት፣ ሟቹ ወደ ዜሮ ተጠጋ። በጣም ደስ ይላል!

ግን ዋንደሪንግ አልባትሮስ የምትባለው ዝርያስ? ክንፏ ሲዘረጋ ከ3 ሜትር ያልፋል፣ በሁለት ዓመት አንዴ አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው፣ ጫጩቷን ደግሞ ብርዱን ሙሉ ነው የምታሳድገው፣ ምግብ ፍለጋ እስከ ብራዚልና ኡራጓይ ባህር ትሄዳለች፣ እዛ ቱና የሚባለውን ዓሣ በሎንግላይን የሚያጠምዱ መርከቦች አሉ። ያን ሁሉ ውቅያኖስ ማን ይዘጋዋል?

ስለዚህ ለክፍት ባህር እኔ አጣጣሉን መቀየር ነው የምመርጠው፣ ከመርከቡ ኋላ ወፍ የሚያባርር ባለ ጥብጣብ ገመድ፣ መንጠቆው ቶሎ እንዲሰምጥ ክብደት፣ ማታ መጣል። ሦስቱም አብረው መሆን አለባቸው፣ ምክንያቱም ነጭ አገጩ ፔትረል የሚባለው ሌላ የባህር ወፍ ማታም ይመገባል፣ ጠልቆም መንጠቆው ላይ ያለውን ያወጣል። ዋጋው ውድ አይደለም፣ ችግሩ ቁጥጥር ነው፣ ታዛቢ የሚሳፈርባቸው የቱና መርከቦች ጥቂት ናቸው፣ ቢያንስ ካሜራ ይገጠምላቸው።