ትልቁ በቀስታ ወይስ ትንሹ በሙሉ ኃይል? ለመኝታ ቤት ጸጥ ያለ አየር ማጣሪያ ስትመርጡ

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ከመስኮታችን ሥር ኮረኮንች መንገድ አለ። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራው ቤታችን ድረስ ይወጣል። ጠዋት የወለወልኩት ኮመዲኖ ላይ ማታ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። ሲመሽ ደግሞ አንዱ ቆሻሻ ያቃጥላል። ልጃችን ስታስል ማደር ስታበዛ አየር ማጣሪያ መግዛት ግድ ሆነ።

መጀመሪያ የገዛሁት ከማንቆርቆሪያ የማይበልጥ ነበር። «ድምፅ የለውም» ተባልኩ። እውነት ነው፣ በዝቅተኛው ፍጥነት ድምፅ የለውም። አየርም የለውም! እጄን ከላዩ ስዘረጋ የሚሰማኝ የሕፃን ትንፋሽ የሚያህል ነው። ፍጥነቱን ስጨምረው እንደ ጁስ መፍጫ ይጮሃል።

ለካ ካርቶኑ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች አብረው አይሄዱም። ሲኤዲአር የሚባለው ማሽኑ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር እንደሚሰጥ ይናገራል፤ የሚለካውም በከፍተኛው ፍጥነት ነው። በትልቁ የሚጻፈው ዴሲቤል፣ ማለትም የድምፅ መጠን መለኪያው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዝቅተኛው ፍጥነት ነው።

የቻይናውን ኩባንያ የሺያኦሚን ሁለት ሞዴሎች እንይ። ትንሹ፣ «4 ኮምፓክት» የሚባለው፣ በእንቅልፍ ሞድ 20 ዴሲቤል ነው፣ በሙሉ ኃይሉ 230 ሜትር ኩብ ያጣራል። መደበኛው፣ «4» የሚባለው፣ ዝቅተኛ ድምፁ ወደ 32 ዴሲቤል ሲሆን ሲኤዲአሩ 400 ነው። ወረቀቱን ካያችሁ ጸጥተኛው ትንሹ ነው።

አሁን ክፍሉን ለኩት። 3 በ4 የሆነ፣ ከፍታው 2.7 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት 32 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይይዛል። ይህ አየር በሰዓት አምስት ጊዜ እንዲጣራ 160 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ትንሹ ይህን የሚሰጠው 70 በመቶ አቅሙን አውጥቶ ነው። ትልቁ 40 በመቶ ይበቃዋል። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ስለሚሰማ፣ ይህ ልዩነት ሌሊት ቀላል አይደለም። ለእኔ ትልቁ ያሸንፋል። ክፍላችሁ 2.5 በ3 ከሆነ ግን ኮምፓክቱ በቂ ነው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ገበያ ላይ «አየር ማጣሪያ» እየተባለ የሚሸጠው እንፋሎት የሚተፋ ዕቃስ? እሱ አየር ያረጥባል እንጂ አቧራ አይዝም። ፊልተር የሌለው፣ በአዮኖች (ኤሌክትሪክ በተሞሉ ቅንጣቶች) ብቻ እሠራለሁ የሚለውንም እለፉት፤ አንዳንዱ ሳንባ የሚያስቆጣ ኦዞን ያወጣል። ሄፓ የሚባለው፣ ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ፊልተር ያለውን ፈልጉ። የጭስ ሽታ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የካርቦን ንጣፍም ይኑረው። የከሰል መርዝ የሆነውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የትኛውም የቤት ማጣሪያ አያስቀርም። ማጣሪያ አለኝ ብላችሁ ከሰል አጠገብ እንዳትተኙ።

ከአሜሪካ ዘመድ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ጎረቤታችን በጉጉት የጠበቀችውን ማሽን ሶኬት ላይ ሰካችው። «ጧ!» አለ፣ ሸተተ፣ በቃ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ መነሳቱንም ሱቁ ውስጥ ነቅላችሁ መልሳችሁ በመሰካት ፈትኑ። አለዚያ ሌሊት ትነሣላችሁ። የመብራት ፍጆታው አያሳስብም። 30 ዋት የሚወስድ ማሽን በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የሚያሳስበው ፊልተሩ ነው። ተለዋጩን እዚሁ ካላገኛችሁ ማሽኑን አትግዙ። እንደኛ ሰፈር አቧራማ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጊዜ ቀድሞ ይሞላል። የውጭውን መረብ በየሁለት ሳምንቱ በብሩሽ አራግፉት። ሄፓውን ግን በውኃ እንዳታጥቡት፣ ይበላሻል።

የኛን አሁን ከራስጌ አርቀን በሩ አጠገብ አቁመነዋል። የስክሪኑ መብራት ልጅቷን ሲያስቸግራት ፕላስተር ለጠፍኩበት። ከሁለት ወር በኋላ ስከፍተው ነጭ የነበረው ፊልተር የአመድ መልክ ይዟል። ሌሊት የማሽኑ ድምፅ አይሰማኝም። የምሰማው ጅቡን ነው።