የደም ምርመራ ወይስ እርሳስና ወረቀት?

አክስቴ ደሴ ውስጥ ከሰኞ ገበያ ስትመለስ የቤቷ መንገድ ጠፋባት። 40 ዓመት የተመላለሰችበት መንገድ! እኛ «እርጅና ነው» አልን። ልጇ ግን «አልዛይመር ለሚባለው የመርሳት በሽታ የደም ምርመራ ወጥቷል አሉ» ብሎ ተነሳ።

እውነቱን ነው፣ ወጥቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 አንዱን ፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ምልክት ለታየባቸው። ከበሽታው ጋር የሚያያዙ፣ ፒ-ታው 217 እና ቤታ አሚሎይድ የሚባሉ ፕሮቲኖችን መጠን ያነጻጽራል። ለዚሁ ምርመራ ከጀርባ አጥንት ውስጥ ፈሳሽ ከማስቀዳት በብዙ ይቀላል። ግን ደሙ የሚጠቁመው አንጎል ውስጥ ስለተጠራቀመው አሚሎይድ ነው። ሰውየው ምን ያህል እንደሚረሳ አይናገርም። ኩላሊት የታመመ ሰው ላይም ፒ-ታው ከፍ ሊል ይችላል።

በእርሳስና በወረቀት የሚሰጠው የማስታወስ ፈተና ርካሽ ነው። የሰዓት ሥዕል ሳዪ፣ አምስት ቃላት ያዢ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ሞካ የሚባለው ከ30 ይታረማል። ችግሩ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ላይ ነው። አክስቴ እርሳስ ጨብጣ አታውቅም። ሰዓት መሳል ቢያቅታት አእምሮዋ ነው ወይስ እጇ?

እኔ ብሆን ከጥያቄው እጀምራለሁ፤ ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ የቤት ውሎዋን እየተናገረ። ቀጥሎ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ። የእነዚህ መጓደል ራሱ ያስረሳል፣ ደግሞም ይታከማል። ፒ-ታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።